የጣውንቷ ፍሬን

እናቴ አባቴን ልትገድለው ነው ብዬ ያመንኩት ገና የወተት ጥርሴ ሳያልቅ ነው። ማንም አልነገረኝም። ባየሁት ላይ የሰማሁትን ደመርኩ፣ ራሴ ከሰስኩ፣ ራሴ ፈረድኩ። አንድ ነገር ካመንኩ በካቻቢቴም አይነቀልልኝም፤ ያኔም እንደዚሁ ነበርኩ።

አልገደለችውም፤ ይህን ቀድሜ ልናገርና ሰው ይረፍ። ቀድማ የሞተችው እሷ ናት፣ ያውም ጠግባ ኖራ፣ በገዛ አልጋዋ። አባቴ ዛሬም አለ፤ ጥርስ ባይኖረውም ወሬ አለው።

ነገሩ የመጣው በመኪና ነው። አባቴ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ሌሊቱን ምድጃ አፍ ላይ ያድራል፣ ጠዋት ቅንድቡ ላይ ዱቄት ይዞ ይመጣል፣ ቀን ይተኛል። እንዲህ ያለ ሰው ምን እንደነካው እንጃ፣ አንዲት አሮጌ የስፖርት መኪና ገዛ። ቀይ ናት። ከመሬት የማትነሳ፣ ኮፋኖዋ ረጅም፣ በሯ ሁለት፣ ወንበሯ ሁለት። እኛ ደግሞ ሦስት ነን። ለመግባት ጎንበስ ማለት ይበቃል፣ ለመውጣት ግን ሰው መጥራት ያስፈልጋል። አባቴ "ሙሽራዬ" ይላታል። ከሥራ ሲመለስ እኛን እንዴት አደራችሁ ሳይል እሷን በጨርቅ ይወለውላታል። እናቴ ደግሞ "ጣውንቴ" ትላታለች።

"ጣውንቴ ደህና አደረች?" ትለዋለች፣ ሻይ እየቀዳችለት።

"ደህና ናት። አንቺን ስትጠይቅ ነበር" ይላል።

ጣውንት ምን እንደሆነ አክስቴን ጠየቅኋት። "ባልሽን የምትካፈልሽ ሴት ናት" አለችኝ። "ለእናትሽ የደረሰቻት ግን ጎማ ያላት ናት። እሱም ተመስገን ነው፣ አትወልድም።"

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት እናቴ መኪናዋን እንደማትወዳት ብቻ ነው።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። የከተማ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ፣ ጎማ ክፍል ነበር የምትሠራው። ከባድ ነገር ስታነሳ ሰው ጥሩልኝ ብላ ስለማታውቅ በመኪና ማንሻው ስም "ክሪክ" አሏት፤ እኛም ቤት በዚሁ ቀረ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪናዋ ከጓሮው መስኮት ሥር ነው የተቀመጠው። ሲዞር ግድግዳው ላይ ያለው መስታወት ይንቀጠቀጣል። አባቴ ከግድግዳው ወዲያ እንቅልፉን የሚተኛው በዚያ ጩኸት ነው። "ዝም ሲል ነው የሚነቃው" ትል ነበር እናቴ። "እኔ ስሠራ እንደ ሕፃን ይተኛል።" እውነቷን ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ የሚተኛ ሰው ነበር። አንኮራፍቶ አያውቅም። እንዲያውም ትንሽ ሳለሁ ሞቷል እንዴ እያልኩ ሄጄ አፍንጫው ሥር እጄን እይዝ ነበር።

አንድ ከሰዓት ከውጭ ስገባ ሲጨቃጨቁ ደረስኩ። የደረስኩት ጭራው ላይ ነው።

"እንግዲያው ውረድ" አለች እናቴ። "ያንን ቁልቁለት ውረድበት። አንተም ታርፋለህ፣ እኔም እገላገላለሁ።"

አባቴ ገብቶ ተኛ። እናቴ መቀሷን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሳች። እኔን ስታይ "ጫማሽን አውልቂ፣ ወለሉን አሁን ነው የጠረግኩት" አለች።

የጭቅጭቁን ራስ የነገረችኝ አክስቴ ናት፣ እኔ አድጌ፣ ባል አግብቼ ከፈታሁ በኋላ። ታች ከተማ አንድ ትልቅ ዳቦ ቤት አባቴን በዋና ጋጋሪነት፣ በቀን ሥራ፣ ፈልጎት ነበር። እሱም በዕረፍት ቀኑ በሙሽራው ወርዶ ሊነጋገር አሰበ። እናቴ፣ "የኋላ ፍሬን የላትም፣ መጀመሪያ ጋራዥ ውሰዳት" አለችው። እሱ፣ "የስፖርት መኪና ፍሬኗ የፊቱ ነው። አንቺ ከስፌት መኪና ሌላ ምን ታውቂያለሽ" አላት። ከዚያ ነው ውረድበት የመጣው።

እንደውነቱ ከሆነ አባቴ ስለዚያች መኪና የሚያውቀው መወልወል ነው። ገና የገዛት ሰሞን አንድ ጋራዥ ወስዷት ነበር። መካኒኩ ጓደኞቹን ጠርቶ፣ "ኑ እዩ፣ ዳቦ በስፖርት መኪና መጣ" አለና ሳቁበት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሙሽራዬን ማንም አይነካትም ማለት ጀመረ። ላይዋ እንደ መስታወት፣ ውስጧን ለቄስ። እናቴ ይህን ታውቃለች። የሳቁበትንም ነገር ታውቃለች። እሱ ግን ማወቋን አያውቅም። ስለዚህ ጋራዥ ሂድ ብላ ልታስገድደው አልቻለችም፤ በዚያ ፍሬን እንዲወርድም ልትተወው አልቻለችም። የቸገራት ይኸው ነበር።

እኔ ግን "እገላገላለሁ" የሚለውን ይዤ ቀረሁ።

በዚያው ሰሞን እናቴ የኮሌታ ልክ የምታወጣበት ቡናማ ወረቀት ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ ነገር ስትስል አየኋት። በጠመኔ ዙሪያውን አንድ መስመር፣ ከሱ ወጣ ብሎ ሌላ መስመር። ጣቶቿ ጥቁር ነበሩ።

"የማን እጅጌ ነው?" አልኳት።

"የጣውንቴ" አለች።

ቀጥሎ የመጣችው ሬዲዮ ናት። ሬዲዮ የምንላት ጎረቤታችን ናት፤ የሰጠሃትን ሳትበላ ታድራለች እንጂ የነገርካትን ሳታደርስ አታድርም። ቀሚስ ልትለካ መጥታ፣ እናቴ እግሯ ሥር ተንበርክካ ጫፉን በመርፌ ቁልፍ እየያዘች ሳለ፣ የአንድ የጭነት መኪና ሾፌር አሟሟት ታወራለች።

"ሚስቱ ናት አሉ። የኋላውን ጎማ ፈትታ ገብታ ነው ፍሬኑን የነቀለችው። ሰውዬው ምንም አላወቀም። ያወቀው ቁልቁለት ላይ ነው፣ ያወቀውንም ለማን ይንገር።"

እናቴ መርፌ ቁልፎቹን ከአፏ አወጣች። "ሴትየዋ ጎበዝ ናት" አለች። "የኋላ ጎማ መፍታት ቀላል ሥራ አይደለም።"

"አንቺ ደግሞ፤ የምነግርሽ ስለ ሞተ ሰው ነው።"

"ቀጥ በይ፣ ጫፉ ይንጋደዳል።"

እኔ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ቁልፍ እለቅማለሁ። ቁልፎቹ ከእጄ ፈሰሱ።

አባቴ ታች ከተማ ሊወርድ አንድ ቀን ሲቀረው አክስቴ ጠዋት መጣች። ከረጢት ይዛለች፤ ከረጢቱ ሲቀመጥ የብረት ድምፅ አወጣ፣ እሷም "እሽ" ብላ ተቆጣችው፣ ልክ ሰው ይመስል። አባቴ ከሥራ ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ተኝቷል። እናቴ የመኝታ ቤቱን በር ገርበብ አድርጋ አዳመጠችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ተመለሰች።

"ተኝቷል?" አለች አክስቴ በሹክሹክታ።

"አሁን ነው የጋደመ።"

"ቢነቃስ?"

"አይነቃም። ሚጢጢ፣ ነይ።" ሚጢጢ እኔ ነኝ። ከስፌት መኪናው ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ክሩን አወጣች፣ መርፌውን ነቀለች። "ዛሬ ሰፊዋ አንቺ ነሽ። መርገጫውን ሳታቋርጪ ርገጪ።"

"ያለ ክር?"

"ያለ ክር።"

"ያለ ጨርቅ?"

"አባትሽ እንዲተኛ ነው። ርገጪ ብያለሁ።"

ወንበሩ ጫፍ ላይ ሆኜ በጣቶቼ ጫፍ ረገጥኩ። መኪናው መጮህ ጀመረ። እናቴና አክስቴ በጓሮው በር ወጡ። መስኮቱ ፊት ለፊቴ ነው፤ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቀይዋ መኪና ቆማለች።

ከፊት ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ አደረጉ። አክስቴ የኋላውን ጎማ ዳዶዎች በቁሟ ቁልፉ ላይ ወጥታ እየረገጠች አላላች። ከዚያ ክሪኩን አስገብታ አነሳቻት፣ ከሥሯ ጉማጅ እንጨት አኖረች። ጎማው ወጣ። ከኋላው ድስት የመሰለ ክብ ብረት አለ፣ ታምቡር ይሉታል። መዶሻውን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልላ ዙሪያውን እየዞረች ስትመታው ወለቀ። ጥቁር ብናኝ ቡን አለ።

"አትንፊው፣ ሳንባሽ ይገባል" አለች አክስቴ። "በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው።"

እናቴ የልጅ አፍ እንደምታብስ አድርጋ አበሰችው።

ከታምቡሩ ውስጥ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጡ ሁለት ብረቶች ወጡ፣ ከነሞላዎቻቸው። ያ ወረቀት ላይ ያየሁት እጅጌ ነው። አክስቴ አንዱን አንስታ ጥፍሯን በላዩ አስኬደች።

"እይው፣ ሸራ የሚባል አልቀረውም። ባዶ ብረት ነው ያለው። እስከ ዛሬ የቆመችው በጸሎት ነው።"

ይህን አልሰማሁም፤ የስፌት መኪናው ይጮኻል፣ እነሱም በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። የነገረችኝ በኋላ ነው። እኔ በመስኮቱ ያየሁት ሁለት ሴቶች ከአባቴ መኪና ጎማ ውስጥ ብረት ነቅለው ከረጢት ላይ ሲደረድሩ ነው። ሬዲዮ እንዳለችው፣ አንድ በአንድ። እግሬ መርገጡን አላቆመም። ባቆም አባቴ ይነቃል፤ ቢነቃ ይድናል። ይህ ሐሳብ አልመጣልኝም አልልም። ግን ያዘዘችኝ እናቴ ናት።

እናቴ ወደ ሌላው ጎማ ስታመራ አክስቴ በቀሚሷ ጎተተቻት። "ወዴት ነው? አንዱ ሳይገጠም አንዱ አይፈታም። ሲጠፋብሽ ማንን አይተሽ ልትመልሺ ነው?"

ከዚያ ከከረጢቱ አዲሱን ሸራ አወጣች። የፍሬን ሸራ የሚሉት ከታምቡሩ ጋር እየተሻሸ መኪናውን የሚያቆመው ነው። ለዚያች አሮጌ መኪና ልኩ የሚሸጥ በየትም አልተገኘም። ስለዚህ እናቴ ቀደም ብላ አንዱን ጎማ ከእህቷ ጋር ከፍታ በወረቀት ልኩን አወጣች፣ አክስቴ ወረቀቱን ጋራዥ ወስዳ ከትልቅ ጥቅል አስቆረጠችበት። አሁን ጨረቃው ብረት ላይ አስቀመጡት። ከየጎኑ ጣት ጣት ያህል ተረፈ። አሽከርክረው ሞከሩት፣ ገለበጡት። ያው ነው።

አክስቴ ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችው። ሁለቱን መስመሮች አየች።

"እትዬ" አለች። "ይሄ የውጪው መስመር ምንድነው?"

"ለስፌት ነዋ።"

"ለምን?"

"ለማጠፊያ የሚተው። ልክ አውጥቶ ማጠፊያ ሳይተው የሚቆርጥ..." እናቴ እዚያ ላይ ቆመች።

አክስቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። አፏን በሁለት እጇ አፍና ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች፣ እንባዋ በጥቁሩ ብናኝ ላይ መንገድ እስኪያወጣ። እናቴም መሳቅ ጀመረች፣ በቀሚሷ ጫፍ አፏን ይዛ። በመስኮቱ ሳያቸው ድምፅ የለውም፤ የስፌት መኪናው ብቻ ነው የሚሰማኝ። ሰው እየገደሉ እንዲህ ይሳቃል ወይ ብዬ ገረመኝ።

ከዚያ በብረት መጋዝ ትርፉን መቁረጥ፣ በሞረድ ማስተካከል መጣ። የሞረዱን ድምፅ እኔም ሰማሁት፤ ጥርስ ያሳክካል። እናቴ እንደ ሰፊ ጫፉን በጣቷ እየዳሰሰች፣ "እዚህ ጋ አበጠ" እያለች ታስሞርዳለች። ሸራውን በመዳብ ምስማር ብረቱ ላይ መምታት ሲጀምሩ ጩኸቱ በረታ። እኔም ረገጣዬን አበረታሁ።

ጉዱ የመጣው ያኔ ነው፤ ጠፍሩ ከመዘውሩ ወለቀ። የስፌት መኪናው በአንድ ጊዜ ዝም አለ። የመዶሻው ድምፅ ብቻውን ጓሮው ውስጥ ቀረ፤ እሱም ቆመ። ሦስታችንም ደርቀን ቆምን። ከግድግዳው ወዲያ አልጋው ሲንቃቃ ሰማሁ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

አክስቴ ከመኪናዋ ኋላ አጎንብሳ ከረጢቱን ብረቶቹ ላይ ጣለች። እናቴ መዶሻውን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆማለች።

ከዚያ አባቴ አኮራፋ። ትልቅ፣ ወፍራም ማንኮራፋት፣ ጋሪ ጠጠር ላይ እንደሚጎተት። ቆም አለና ደገመው።

አክስቴ ደረቷን ያዘች። "ተመስገን፣ ተኝቷል" አለች።

እናቴ ግን የመኝታ ቤቱን መስኮት ትክ ብላ አየችው። ረዘም ያለ ጊዜ አየችው። ከዚያ መዶሻው ላይ የተጠቀለለውን ፎጣ ፈታች፣ ትከሻዋ ላይ ጣለች፣ "ቀጥይ" አለችና በባዶ ብረት መምታት ጀመረች። ልቧ ደነደነ አልኩ በሆዴ። ከእንግዲህ መስማቱን እንኳ አትፈራም።

ጠፍሩን መለስኩና ረገጥኩ።

አንዱን ጎማ ገጥመው ወደ ሌላው አለፉ፤ ሁለተኛው ፈጠነ። ሲጨርሱ አክስቴ በጣቷ ጠራችኝና ከመሪው ኋላ አስቀመጠችኝ። "ይሄንን በእግርሽ ርገጪ፣ ልቀቂ። ርገጪ፣ ልቀቂ።" ያንን ፔዳል አውቀዋለሁ። አባቴ መኪናዋን ሲወለውል ገብቼ እጫወትበት ነበር፤ ሲረግጡት እስከ ወለሉ በለስላሳው ይወርዳል። አሁን ስረግጠው መሃል ላይ ያዘኝ። በሁለት እግሬ ቆምኩበት። አልንቀሳቀስም አለ።

"እንዴት ነው?" አለች አክስቴ።

"ደርቋል" አልኩ። "አይሄድም።"

"ጎሽ" አለች፣ እጇን እየጠረገች። "እንዲያውም ነገ ሰውየው ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ይገባዋል።"

"አፍሽን ያዢ" አለች እናቴ። "ሚጢጢ፣ ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትይ።"

በማግስቱ ጠዋት አባቴ የደህና ቀን ኮቱን ለበሰ፣ ጸጉሩን በውሃ አስተኛ። ተነሽ ያለኝ ሳይኖር ቀድሜው ወጥቼ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አስቤበታለሁ። እናቴ ብትጠላ እሱን ነው እንጂ እኔን አትጠላም፤ እኔን ስታይ ትናገራለች።

"አንቺ ጓደኛዬ፣ ወዴት ነው?" አለ አባቴ።

"አብሬህ።"

"እናትሽን ጠይቂያት።"

እናቴ እርጥብ የእቃ ማጠቢያ ጨርቅ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይን ዓይኗን እያየሁ ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየሁ፣ "እማዬ፣ አብሬው ልውረድ?" አልኳት።

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። የኋላውን ጎማ አየች። እኔን አየች። ስታለቅስ፣ መሬት ላይ ስትወድቅ፣ እጄን ይዛ ስትጎትተኝ ጠበቅሁ።

"ሹራብሽን ልበሺ፣ ታች ይነፍሳል" አለች። መጥታ በሩን ራሷ ዘጋችልኝ፤ መዘጋቱንም ገፋ አድርጋ አረጋገጠች።

እኔንም፣ አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ወዲህ እኔም ልጆች ወልጄ በየመንገዱ ልኬአለሁ። ያን ጠዋት ያደረገችው አሁን ይገባኛል። አንዲት ልጅ ነው የነበራት፤ ለሥራዋ ዋስትና እኔን አስያዘች።

ቁልቁለቱ ከቤታችን በር ይጀምራል። ግራና ቀኙ የግቢ አጥር ነው፣ መጨረሻው ላይ የእንጨት መሰንጠቂያው ግንብ ፊት ለፊት ተገትሯል፤ መንገዱ ከሱ ሥር ነው የሚታጠፈው። አባቴ ሞተሩን አስነሳ። ወረድን። ነፋሱ በመስኮቱ ገባ። አጥሮቹ መሮጥ ጀመሩ። ግንቡ መጀመሪያ የክብሪት ቀፎ ያህል ነበር፤ ከዚያ በር አከለ፣ ከዚያ ቤት አከለ። የወንበሩን ጠርዝ ይዤ ዓይኔን ልጨፍን አልኩና እልህ ያዘኝ፣ አልጨፈንኩም።

አባቴ ረገጠ።

መኪናዋ ኋላዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ በቅሎ ልጓም እንደተያዘች፣ ሰከን አለች። ግንቡ ባለበት ቆመ። አባቴ እግሩን አነሳ፣ እንደገና ረገጠ። እንደገና ያዘች። ከዚያ ቁልቁለቱን በሙሉ፣ ሳያስፈልገው፣ እየረገጠ እየለቀቀ ወረደ። ከኋላችን ያለ ታክሲ ጥሩምባውን ነፋብን።

ታች ደርሰን ጥግ ይዞ አቆመ። ወጣና ወደ ኋላው ጎማ ሄደ። የእጁን ጀርባ ወደ ቸርኬው አስጠግቶ ሙቀቱን ለካ፣ የምድጃ አፍ እንደሚለካው። ዞሮ ሌላውንም ለካ። እዚያው ቁጢጥ አለ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ብናኝ ነው አልኩ።

"አባዬ፣ አልሞትንም" አልኩት።

"ለምን እንሞታለን?"

"ፔዳሉ ደርቆ ነበር።"

"እስካሁን ሊጥ ነበረች" አለ፣ ቁልፉን እያዞረ። "ዛሬ በስላ አገኘኋት።"

ማን አበሰላት ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። እናቴን አሳልፌ ላልሰጥ ቆርጬ፣ ከንፈሬን ነክሼ። አልጠየቀኝም።

ስንመለስ እናቴ በሩ ላይ ናት። ስንሄድ በቆመችበት ቦታ፣ እጇ ላይ ያው የእቃ ማጠቢያ ጨርቅ፣ ደርቆ።

"ጣውንቴ እንዴት ዋለች?" አለች።

"ደህና ናት። የኋላዋ እንኳን ይይዛል ዛሬ።"

"የፊቱ ይበቃል አልነበር?"

"ይበቃል" አለ አባቴ። "የኋላው ሲጨመር ግን አይጠላም።" ኮቱን አወለቀ። "በሚመጣው ሳምንት ቀን ሥራ እጀምራለሁ።"

"ጎሽ" አለች እናቴና ወደ ውስጥ ገባች። ፈጥና ነው የገባችው።

እኔ አልተረጋጋሁም። አንድ ጊዜ ብትስት ሁለተኛ አትስትም ብዬ ነው የማስበው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የባሰ ነገር አየሁ። እናቴ ልብስ ልታደርስ ወጣ እንዳለች አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተንበረከከ። በሕይወቴ ካቻቢቴ ይዞ ያላየሁት ሰው ካቻቢቴ ይዟል። ክዳኑን ፈታ። ጠፍሩን አወለቀ። ማርሾቹን እየጠረገ በእያንዳንዱ ቀዳዳ በላባ ጫፍ ዘይት ጠብ ያደርጋል። ጣቱ ተላጠ፤ ጠባውና ቀጠለ።

አሁን ተራው የሱ ነው፣ አልኩ።

ይህን ሁሉ ለአባቴ የነገርኩት አምና ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። ሲስቅ ሻዩ ተደፋ። እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ ምን አለኝ፣ "ያን ቀን እኮ አልተኛሁም።"

"እንዴት?"

"ያ ስፌት መኪና ባዶውን ነበር የሚዞረው። ጨርቅ የነከሰ መኪና እንደዚያ አይጮኽም። ስንት ዓመት ስተኛበት የኖርኩትን ድምፅ አላውቀውም? ተነስቼ በመጋረጃው አየሁ። እናትሽ ፊቷ ከሰል መስሏል፣ ፍሬን ሸራ ትሞርዳለች። ምን ልበል? ተመልሼ ተኛሁ። ሽንቴ ወጥሮኝ ዋልኩ።"

"ያኮራፋኸውስ?"

"እናንተ ስትደነግጡ ምን ላድርግ። አኮራፋሁላችኋ።"

ያኔ ነው የመዶሻው ፎጣ ትዝ ያለኝ። እናቴ በዚያ አልጋ አብራው የምትተኛ ሴት ናት፤ እንደማያኮራፋ ከማንም ይልቅ ታውቃለች። መስኮቱን ለረዥም ጊዜ ያየችው፣ ፎጣውን የፈታችውም ለዚሁ ነው።

"ታዲያ ለምን አልነገርካትም?" አልኩት። "ዕድሜ ልካችሁን?"

"እሷስ መቼ ነገረችኝ" አለ፣ ሻዩን እየጠረገ።

ያን ዕለት እናቴ ከወጣችበት ስትመለስ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠች። አባቴ በሩ ላይ ተደግፎ ጥፍሩን ያያል። የአንዱን ደንበኛ ሱሪ አስገባች፣ እግሯን መርገጫው ላይ አደረገች። ሮጥኩና ጨርቁ ላይ፣ ከእጇ አጠገብ፣ እጄን ዘረጋሁ። ምን እንደሠራበት አላውቅም፤ ብቻ የሚመጣው ነገር መጀመሪያ እኔን ያገኛል።

"እጅሽን አንሺ፣ መርፌው ይወጋሻል" አለች።

"አላነሳም።"

"አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ምን ሆነሻል?"

"አላነሳም አልኩ።"

አባቴን ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ከዚያ የግራ እጇን በእጄ ላይ ጭና፣ ሱሪውን በቀኝ እጇ ይዛ፣ ረገጠች። ግድግዳው ላይ ያለው መስታወት አልተንቀጠቀጠም። መኪናው ያለ ድምፅ ሄደ።